የደብሪቱ ሽምብራና አልወጣም ያለው አውሮፕላን

ጆሮ ስጡኝ፣ አውሮፕላን እሰጣችኋለሁ።

አድአ ውስጥ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጋዘኗን። ሽምብራው ተወቅቶ አውድማ ላይ ተቆልሏል፣ ያለወቅቱ ዳመና መጥቷል፣ መጋዘኑን ግን ባሏ ሽብሩ በእጁ የሠራው አውሮፕላን ሞልቶታል። ጎረቤት «ይሄ ጋሪ ነው፣ ተገፍቶ ይወጣል» ብሎ ቢስቅበት፣ ሽብሩ በሞተሩ ካልሆነ ላያንቀሳቅሰው ምሏል። የወንድ መሐላ ሁልጊዜ በሚስት መጋዘን ነው።

ደብሪቱ አውሮፕላኑን ውጣ አለችው። ሞተሬ እየፈላ እንዴት ልውጣ አለ።

ሞተሩን አትፍላ አለችው። ራዲያተሩ ካላበረደኝ እፈላለሁ አለ። ሞተር አይበርድ፣ አውሮፕላን አይወጣ፣ ሽምብራ አይገባ፤ ዳመናው ደግሞ ቀረበ።

ራዲያተሩን አቀዝቅዝ አለችው። በአውሮፕላኑ ሆድ ስር ባለው የቆርቆሮ ቦይ ነፋስ ካልመጣልኝ በምን ላቀዝቅዝ፣ በምራቄ? አለ። ራዲያተር አያቀዘቅዝ፣ ሞተር አይበርድ፣ አውሮፕላን አይወጣ፣ ሽምብራ አይገባ፤ ዳመናው ደግሞ ጠቆረ።

ነፋሱን እለፍ አለችው። ፕሮፔለሩ እስከ ቦዩ አፍ ይገፋኛል፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያግደኝ አለ፤ ካላመንሽ ውሃውን ጠይቂ አለ። ነፋስ አያልፍ፣ ራዲያተር አያቀዘቅዝ፣ ሞተር አይበርድ፣ አውሮፕላን አይወጣ፣ ሽምብራ አይገባ።

ውሃው ምን መሰላችሁ? ሽብሩ ውስጡ በሚታይ ቱቦ ቀይ ውሃ ጨምሮ፣ ቱቦውን አጥፎ፣ አንዱን ጫፍ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው ሰክቷል። ነፋስ ከገፋው ውሃው በአንድ ወገን ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል። ሞተሩ ተነሳ። ውሃው ግን አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ ሁለት ባልቴቶች እኩል ቁጭ አለ። ነፋስ ሳይገፋኝ ለማን ብዬ ልነቃነቅ አለ። የፊቱን ጫፍ ወደ ቦዩ አፍ ወሰዱት፤ ውሃው ዘለለ። ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት፤ ውሃው ተመልሶ ተቀመጠ።

«እዚህ ጋ ነው የታፈነው» አለ ሽብሩ፣ ሞተሩን አጥፍቶ።

«ታዲያ እጅህን ክተታ፣ አንተ ሰውዬ።»

ከተተ፤ ተነቁሮ አወጣው። የደብሪቱ ገብስማ ዶሮ ቦዩ ውስጥ ገለባዋን ጎዝጉዛ፣ ያ ሁሉ ሞተር ሲያጓራባት እንኳ ንቅንቅ ሳትል፣ እንቁላሏን ታቅፋለች።

ደብሪቱ ተነሽ አለቻት።

«የምታቀፍበትን ቅርጫት ለሽምብራሽ የወሰድሽው ማን ሆነሽ ነው?» አለች ዶሮዋ።

ሽብሩ ሊስቅ ነበር፤ የሚስቱን ፊት አየና ሳል አደረገው። ቅርጫት የለ፣ ዶሮ አትነሳ፣ ነፋስ አያልፍ፣ ውሃ አይነቃነቅ፣ ራዲያተር አያቀዘቅዝ፣ ሞተር አይበርድ፣ አውሮፕላን አይወጣ፣ ሽምብራ አይገባ፤ ዳመናው ደግሞ አጉረመረመ።

ደብሪቱ ሽምብራውን ደፋች፣ ቅርጫቱን መለሰች፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አዛወረች። ያኔ ዶሮዋ ተነሳች፣ ነፋሱ አለፈ፣ ውሃው እዚህ ወርዶ እዚያ ወጣ፣ ራዲያተሩ አቀዘቀዘ፣ ሞተሩ በረደ፣ አውሮፕላኑ እያጓራ ወጣ፣ ሽምብራው ገባ። የመጨረሻው ጆንያ ደፉን ሲያልፍ ዝናቡ ወረደ።

ደብሪቱ ጆንያው ላይ ዘፍ ብላ እፎይ አለች።

«አውሮፕላኔስ ይርጠብ?» አለ ሽብሩ ከክንፉ ስር።

«ይልመደው። የሚሄድበት ሰማይ ጣሪያ የለውም።»

እኔ ተረቱን መለስኩ፤ እናንተም የማንን ቅርጫት እንደወሰዳችሁ እዩና መልሱ።