ቀና ብሎ የሚጠጣ

ተረት ተረት፤ የአህያ በረት። በድርቁ ዓመት ዶሮዎች ከምንጫቸው አባረሩኝ።

ውርንጭላ ነበርኩ፤ እናቴ በውኃ ጥም ከሞተች በኋላ ብቻዬን ነው የመጣሁት። የምንጩ ሕግ አጭር ነበር፤ ውኃ ሲጠጣ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚያመሰግን ወገናችን ነውና ይኑር፣ ሌላው ይሂድ። እኔም አንድ ጉንጭ ይዤ አንገቴን ወደ ላይ ሰቀልኩ። ውኃው በአፍንጫዬ ወጣ። አስነጠሰኝና አውራ ዶሮውን አራስኩት።

«አንተ ልጅ፣ ስትጠጣ የምታስበው ማንን ነው?» አለኝ ላባውን እያራገፈ።

«አባባ፣ እውነቱን ለመናገር ውኃውን ነው።»

ጫጩቶቹ ሳቁ። ፈቃድ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ለካ ፍርድ ኖሯል።

ስወጣ ጭልፊት ደረሰ። ጠጣ፤ ቀና አለ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም።

«ወንድማችን ነህ፣ ግባ» አለው አውራ ዶሮው። «ከጫጩቶቹ ጎን ታድራለህ።»

እኔ ከታች ካለው ረግረግ ጭቃ እየላስኩ ከረምኩ። ዝናብ ሲጥል ተመለስኩ፤ አንገት ሰቅሎ መጠጣቱንም በደንብ ተለማምጄ ነበር። የሚያይልኝ ዶሮ ግን አጣሁ። ምንጩ ዳር የቀረው ጭልፊቱ ብቻ ነበር።