ግማሼ የስንዱ ነው

ተረት ተረት! «የመሠረት» በሉኝ፤ የዛሬው መሠረት ደግሞ የሁለት ሰው ነው።

አስካለና ስንዱ የሚባሉ እህትማማቾች የቀሚስ ጥልፍ እየጠለፉ ኖረው አንድ ቤት በጋራ ገዙ። ውሉ ላይ «ከጣሪያው እስከ ውሻው ሁሉም እኩል» ተብሎ ተጻፈ። ክፍሎቹን ግን በዕጣ ተካፈሉ። መስኮት ያለው ክፍል ለታናሿ ለስንዱ ወጣ፤ ሰፊውና ጨለማው ለአስካለ ደረሳት። ስንዱ በብርሃን የጠለፈችውን አገር አደነቀላት። የአስካለ ጥልፍ በጨለማ ይዛነፍ ጀመር፤ ቅናት አንጀቷን አሳረረው። የምትፈልገው አንዲት መስኮት ብቻ ነበር፤ እህቷን መለመን ግን ሞት ሆነባት።

በሁለቱ ክፍል መካከል ወዳለው ግድግዳ ዞረች። «ግድግዳ ሆይ፣ መስኮት ስጠኝ።»

«አልሰጥም፤ ግማሼ የስንዱ ነው።»

አሁንም ስንዱ! እየነደደች ወደ መዶሻ ሄደች። «መዶሻ ሆይ፣ ግድግዳ መስኮት አልሰጥም አለ፤ ምታልኝ።»

«አልመታም፤ ግማሼ የስንዱ ነው።»

ወደ አይጥ ሄደች። «አይጥ ሆይ፣ መዶሻ ግድግዳ አልመታም አለ፤ ግድግዳ መስኮት አልሰጥም አለ፤ የመዶሻውን እጀታ ቆርጥሚልኝ።»

«አልቆረጥምም። የሆዴን ግማሽ የሞላው የስንዱ ጓዳ ነው።»

ለአይጥ እንኳ እሷ ትበልጣለች! እየተንጨረጨረች ወደ ድመት ሄደች። «ድመት ሆይ፣ አይጥ እጀታ አልቆረጥምም አለች፤ መዶሻ ግድግዳ አልመታም አለ፤ ግድግዳ መስኮት አልሰጥም አለ፤ አይጧን ብዪልኝ።»

«አልበላም፤ ግማሼ የስንዱ ነው።»

ወደ ውሻ ሄደች። «ውሻ ሆይ፣ ድመት አይጥ አልበላም አለች፤ አይጥ እጀታ አልቆረጥምም አለች፤ መዶሻ ግድግዳ አልመታም አለ፤ ግድግዳ መስኮት አልሰጥም አለ፤ ድመቷን አባርርልኝ።»

ውሻው አዛጋ። «ግማሼ የስንዱ ነው። በአንድ ሰው ጥሪ አልነሳም፤ ሁለታችሁ ጥሩኝ።»

ከውሻ ወዲያ የሚኬድበት የለም። አስካለ ምራቋን ዋጥ አድርጋ የስንዱን በር አንኳኳች።

«ስንዱዬ፣ ቀንቼብሽ ነው» አለች። «ጨለማው ገደለኝ። መስኮት እንዳገኝ ውሻውን አብረሽኝ ጥሪው።»

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

አብረው ተጣሩ። ውሻ ድመቷን ሊያባርር ተነሳ፤ ድመት ፈርታ አይጧን ልትበላ ዘለለች፤ አይጥ ደንግጣ እጀታውን ልትቆረጥም ሮጠች፤ መዶሻ ለእጀታው ሰግቶ ግድግዳውን መታ፤ ግድግዳው መስኮት ሰጠ። የስንዱ ብርሃን ወደ አስካለ ክፍል ፈሰሰ።

ስንዱ በአዲሱ መስኮት አጮለቀች። «እትዬ፣ ለካ ክፍልሽ እንዲህ ሰፊ ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ከረር አለ።

አስካለ ያን ድምፅ በደንብ ታውቀዋለች፤ እስከ ትናንት የራሷ ነበር። ሳቋ መጣ። «ነይ፣ ጥልፍሽን ይዘሽ ግቢ። ግማሹ ያንቺ ነው።»

ብርሃኑም ስፋቱም እኩል ሆነ። ቅናቱስ አትሉኝም? እሱም እኩል ተከፈለ። ተረቴ አለቀ፤ ዳቦ ካላችሁ ግማሹ የእኔ ነው።