ሆዱ ባዶ የቀረበት ነጋዴ

አንድ የእህል ነጋዴ ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ ምንተስኖት፤ «አባ፣ መጠጡን ስንት ጊዜ ትቼው ለምን ይመለስብኛል?» ብለኸኛል። መልሱን ከማውቀው ይልቅ የዚህን ሰው ነገር አውቃለሁና እሱን ልንገርህ።

ነጋዴው ጥርሱን ታመመና መድኃኒት ዋጠ። ጥርሱ ዳነ፣ ሆዱ ታመመ። ተቅማጥ ያዘው፤ ተራ ተቅማጥ አይደለም፣ ሰውን ከሰው የሚለይ ነው። ሐኪም ሌላ መድኃኒት ሰጠውና ቆመለት። «ተመስገን» ብሎ ወደ ሱቁ ሲመለስ እንደገና ጣለው። ደግሞ መድኃኒት፣ ደግሞ ተመስገን፣ ደግሞ አልጋ። በተመለሰ ቁጥር ይብስበታል። ቆሞ ማስቀደስ አቃተው፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ሚስቱ ዕቃውን ሁሉ በበረኪና ታጥባለች። እሱም «አንድ ቆሻሻ ነው የሚገባብኝ» እያለ ከሰው ጋር ገበታ መቅረብ ተወ። በተጠነቀቀ መጠን በሽታው ለምን እንደሚበረታበት ግራ ገባው።

በመጨረሻ ትልቅ ከተማ ወዳለች አንዲት ሐኪም ወሰዱት።

«ከእስከ ዛሬው የሚበረታ መድኃኒት ይስጡኝ» አላት።

«የሚገድል መድኃኒትስ በቃዎት» አለችው። «መድኃኒቱ ክፉውን ተህዋሲ ሲገድል፣ ሆድዎ ውስጥ የሚኖሩትን ደጋጎቹንም አብሮ ጨረሳቸው። ክፉው ግን ዘሩን ደብቆ ይተርፋል። ሲነሣ የሚከለክለው ጎረቤት የለም። እርስዎን የሚያድንዎ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከጤነኛ ሰው ሆድ የመጣ።»

«ከሰው ሆድ እንዴት ተደርጎ ይወጣል?»

«በሰገራ ነዋ። ይመረመራል፣ ይጣራል፣ ከዚያ በቱቦ አንጀትዎ ውስጥ ይገባል።»

ሰውየው ወደ ሚስቱ ዞሮ «ምን አለች?» አላት። ሚስቱ የሰማችውን መድገም አፍራ መሬት መሬቱን አየች። እሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ ቤቱ ሲደርስ አለቀሰ። ዕድሜ ልኩን ሲታጠብ ኖሮ መዳኛው ይኼ መሆኑ አልዋጥልህ አለው።

ቢሆንም ሞት አይቀልድም። ገጠር ወዳለው ታናሽ ወንድሙ ሄደ። ደጃፉ ላይ እንደቆመ «አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት» አለው።

«ኩላሊት ነው?» አለ ወንድሙ፣ ፊቱ ገርጥቶ።

«አይደለም።»

«ደም ነው?»

«እሱም አይደለም» አለና እንደምንም ነገረው።

 «ኩላሊት ብትለኝ ይገባኝ ነበር» አለው ወንድሙ። «ይኼን ግን ሰው ሰጠሁ ብሎ ለማን ያወራል? እያሾፍክብኝ ካልሆነ፣ ይሁን፣ ምን ቸገረኝ!»

ወንድሙ ተመረመረ፤ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ሕክምናውም ለነጋዴው ተደረገለት። ጥቂት ሰንብቶ የበላው ይረጋለት ጀመር፤ ያ በሽታም ዳግመኛ አልመጣበትም። «እንዴት ነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እንጃ አባ። ወንድሜ ውስጤ ቤት የሠራ ይመስለኛል። ልፈር ወይስ ልኩራ፣ አላውቅም» አለኝ። 

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ። አንተም መጠጡን በጣልክ ቁጥር ሰውን ሁሉ አብረህ ትጥላለህ። ከጠጪዎቹ ስትሸሽ ከዕድርተኛውም፣ ከማኅበርተኛውም፣ ከዘመድህም ትሸሻለህ። በርህን ዘግተህ «ጸዳሁ» ትላለህ። መጽዳቱንስ ጸድተሃል፤ ቤትህ ውስጥ ግን ማንም የለም። ያ ነገር ሲመለስ «ቦታው ተይዟል» የሚለው አያገኝም። «ጾም ይጨምሩልኝ» አልከኝ፤ እኔ የምጨምርልህ ሰው ነው። እህትህ ባለፈው እሑድ ስታንኳኳ ውላ ተመልሳለች፤ እያለቀሰች ነገረችኝ። ነገም ትመጣለች። አፍረህም ቢሆን፣ ፊትህን ሳትታጠብም ቢሆን፣ እንደሆንከው ሆነህ ታይህ። እንዴት እንደምታድንህ ግን አትጠይቀኝ፤ ለእኔም በደንብ አልገባኝም። ብቻ ስታንኳኳ ክፈትላት።