ለመስታወት የሚመረጥ ምላጭ

አንድ የመስታወት ጽዳት ባለሙያ በባሕር ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ዋኘው ይባላል። አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ መስታወቱ ላይ ሲሚንቶና ቀለም ደርቆ ይቀራል፤ እሱን ፍቆ፣ መስታወቱን ጥርት አድርጎ ማስረከብ የዋኘው እንጀራ ነበር። ብዙዎች የእጁን ቅልጥፍና ያደንቃሉ። እሱ ግን የሥራው ቁም ነገር የመፋቂያ ምላጭ አመራረጥ ላይ መሆኑን ያውቃል።

ዋኘው ምላጭ እንዲሁ አንሥቶ አያውቅም። አስቀድሞ ቆሻሻውን ያያል። ለማዕዘንና ለጠርዝ ጠባቡን፣ ለሰፊው ገጽ ሰፊውን ይለያል። ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ይመረምረዋል፤ የዛገ ወይም ትንሽ እንኳ የተሸረፈ ከሆነ፣ ገና ትናንት የተገዛ ቢሆንም ይጥለዋል። ከዚያ ቆሻሻውን በሳሙና ውሃ አለስልሶ፣ ምላጩን ጋደም አድርጎ ወደ ፊት ብቻ ይገፋል። ሠራተኞቹንም «ጠላታችሁ ቆሻሻው ነው፤ መስታወቱ ምንም አላደረጋችሁም» ይላቸዋል።

ከሠራተኞቹ ሁሉ አብልጦ የሚያምናት ውድነሽን ነበር። ሥራውን ሲጀምር አብራው የጀመረች፣ እሱ ታሞ በተኛበት ክረምትም ደንበኞቹ እንዳይሸሹ ሥራውን ብቻዋን ይዛ ያቆየችለት ሴት ናት። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ሐዘኗን የነገረችው ለዋኘው ብቻ ነበር። እሱም እንደ ታላቅ ወንድም ሰምቶ አጽናንቷታል።

አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሆቴል ሊመረቅ ሲል የመግቢያውን መስታወት ለውድነሽ ሰጣት። ያን ሰሞን እናቷ ታመውባት ስለነበር ሐሳቧ ቤት ነው። ምላጩን ሳታየው መፋቂያው ላይ ገጠመችው። ስለቱ ተሸርፎ ኖሮ ቀለሙን እየፋቀች ስትወርድ መስታወቱንም እየቧጨረ ወረደ። ፀሐይ ዞራ ስታርፍበት ጭረቱ ከመንገድ ማዶ ታየ።

የሆቴሉ ባለቤት አዩትና «አቶ ዋኘው፣ ተመስክሮልዎት የመጡበት ሙያ ይኼ ነው?» አሉት።

ዋኘው ፊቱ በእፍረት ጋለ። አናጢውም፣ ቀለም ቀቢውም፣ የራሱ ሠራተኞችም ቆመው ያያሉ።

«ውድነሽ! ዓይንሽ የት ሄዶ ነው?»

«አጥፍቻለሁ ጋሼ። ምላጩን አላየሁትም» አለች አንገቷን ደፍታ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ተግሣጽ ሆኖ ያልፍ ነበር። ግን አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

«ድሮም የያዝሽውን ማበላሸት ነው ልማድሽ! ባልሽ ወዶ መሰለሽ ጥሎሽ የጠፋው?» አላት።

ውድነሽ መፋቂያውን ባልዲው አጠገብ አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ አደረቀች፣ ወጥታም ሄደች።

መስታወቱ በዋኘው ኪሳራ ተነቅሎ በአዲስ ተተካ። በምረቃው ዕለት የገባው እንግዳ ሁሉ ምን እንደተፈጠረ አላወቀም። ዋኘውም ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለው። ውድነሽ ግን አልተመለሰችም። «ምሬሻለሁ፣ ነይ ሥራሽን ጀምሪ በሏት» ብሎ ሰው ላከባት፤ መልስ አላገኘም።

ቤቱ ገብቶ ይህንኑ ሲያማርር ሚስቱ ጥሩወርቅ «ለመሆኑ ምን ብለሃት ነው?» አለችው።

ያላትን ነገራት። ጥሩወርቅ «ይኼን ብለህ ነው ደግሞ ምሬሻለሁ የምትላት? ማሪኝ ማለት ያለብህ አንተ ነህ። በል በገዛ እግርህ ሂድ» አለችው።

ሄደ። ውድነሽ የእናቷን አልጋ እያነጠፈች ነበር። ወንበር ሳበችለት።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለችው። «መስታወቱን የቧጨርኩት እኔ ነኝ። ስለ እሱ ቢቆጡኝ አልቀየምም፤ ቢያባርሩኝም እሄድ ነበር። የትዳሬን ነገር ግን በጭንቄ ሰዓት አምኜ ነው የነገርኩዎ። መስታወቱና እሱ ምን አገናኛቸው?»

«ተናድጄ ነው፤ ምን እንደምል እንኳ አላየሁም።»

«እኔስ ምላጩን መች አየሁት? ያን ቀን ሁለታችንም ሳናይ ነው ያነሣነው።»

ዋኘው ከተቀመጠበት ተነሣ። «ይቅር በይኝ» አላት።

«ይቅር ብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

«እንግዲያ ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም ጋሼ። ቂም ይዤ እንዳይመስልዎ። እርስዎ ፊት ቆሜ መሥራት ግን ከእንግዲህ አልችልም።»

እንዳለችውም ሆነ። ውድነሽ የራሷን ሥራ ጀመረች፣ ተሳካላትም። እናቷ ያረፉ ጊዜ ዋኘው ለቅሶ ደርሷል፣ እሷም በአክብሮት ተቀብላዋለች። አብረው መሥራት ግን ከዚያ ወዲያ አልሆነላቸውም። ዋኘው ሠራተኛ ሲያጠፋበት ዛሬም ይቆጣል። ነገር ግን ለብቻው ይጠራዋል፣ ምን እንደገጠመው ይጠይቀዋል፣ ስለዚያው ጥፋት ብቻ ተናግሮ ያበቃል።

ወዳጆቼ፣ ጥፋትን ማረም ተገቢ ነው፤ ዝም ያሉት እድፍ እየደረቀ ይሄዳልና። ዳሩ ግን ሰውን ለማረም የምናነሣው ቃል ጥፋቱን ብቻ የሚነካ መሆን አለበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የተቧጨረ መስታወት በሌላ ይተካል፤ የተቧጨረ ወዳጅ ይቅር ቢለን እንኳ ከጎናችን ላይገኝ ይችላል።

እርስዎስ፣ በተቆጡ ጊዜ የሚናገሩት ስለ ዛሬው ጥፋት ነው ወይስ ሰውዬው አምኖ ስለነገረዎት ቁስል?