እሳቷ የበዛባት ቀይ መኪና

አንድ ሰው ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖር ጨዋ ሰው። ይህ ሰው መኪና ነበረችው። መኪና ስላችሁ ሚኒባስ እንዳታስቡብኝ! ባለ ሁለት በር፣ ቀይ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀራት፣ የድሮ የስፖርት መኪና ነች። ያወረሱት አባቱ ናቸው።

አባትየው በሕይወት ሳሉ ይህች መኪና እንዴት ያለች ነበረች መሰላችሁ? እሑድ እሑድ ሚስታቸውን ከጎናቸው ያስቀምጣሉ፤ ልጃቸውን ከኋላ፣ ዕቃ በሚቀመጥባት ጠባብ ቦታ ይወሽቁታል፤ ከዚያ በዛፎቹ ጥላ ሥር ቀስ እያሉ ይነዳሉ። ድምፅዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነበር። ልጁ ኋላ ተኮራምቶ የአባቱን ማጅራትና የእናቱን ሻሽ እያየ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ አልጋው ላይ ነው። ማን አወረደው? ማን ጫማውን አወለቀለት? አያውቅም። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ካደጋችሁ በኋላ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም ተኝቶ አያውቅም።

እናቱ እማማ ጥሩወርቅ ዛሬ አርጅተዋል። ታኅሣሥ ሲገባ ልጃቸውን ጠሩት።

«አባትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቢ የወሰደኝ በዚያች መኪና ነው። አንተን የለመንኩትም ያኔ ነው። ጉልበቴ ለከርሞ አይተማመኑበትም። ዘንድሮ በእሷው ውሰደኝና ላመስግን።»

ሰውየው ደስ አለው። ግን አንድ ነገር አለ። መኪናዋን አሳምሯታል። አሳምሯታል እንበለው እንጂ! የድሮዋን የጭስ ድምፅ የምታፍን ጸጥተኛ ማርሚታ አስወልቆ ወፍራምና ባዶ ቱቦ አስገጥሞላት ነበር። ለገሀር ስትነሳ፣ ከከተማው ወዲያ ጥግ ሳቢያን ያለ ሕፃን ይባንናል። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ «አቦ! ይቺ ነች መኪና!» ይለዋል። በስንት ዓመቱ መሰላችሁ? በሃምሳ ሁለት ዓመቱ!

ለሙከራ እናቱን ጭኖ ቁልቢ ወደሚወስደው የደንገጎ ዳገት ወጣ። ገና ዳገቱን ሳያጋምስ እማማ ጥሩወርቅ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ የሆነ ነገር ሸተተኝ።»

«የመንገዱ ሬንጅ ነው እማዬ።»

«ሬንጁ ታዲያ እግሬ ሥር ምን ይሠራል?»

ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ የጫማቸው ሶል ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። መኪናዋን አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ። ከሞተሩ የሚወጣው ቱቦ በጠራራ ፀሐይ እንደ ፍም ቀልቷል።

ምን አደረገ? እኛ የምናደርገውን አደረገ። ሸፈነው! ጎረቤቱ «የድሬ ሙቀት ነው» አለው። በታኅሣሥ! እሱም አመነ። ወለሉ ላይ ቆርቆሮ አነጠፈ። አሁንም ጋለ። ቱቦውን እሳት በሚችል ጨርቅ ጠመጠመው። አሁንም ጋለ። በምንጣፍ ላይ ምንጣፍ ደረበ። እማማ ጥሩወርቅ ገብተው ተቀመጡና ሳቁ።

«እንዲህ እየደራረብክ ከሄድክ ቁልቢ ሳንደርስ ጣራው አናቴን ይነካዋል።»

ከዚያ ግን ሳቃቸውን ተዉት። መቀመጫውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። «ተወው ልጄ፤ አውቶቡስ አለ» አሉ።

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። የቁልቢ በዓል ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አውቶቡሱ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰው በሰው ላይ ነው፤ እንኳን የአሮጊት ጉልበት የጎረምሳም አይችለውም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

የአባቱ መካኒክ ጋሽ ዩስሪ አሁንም ጋራዣቸው ውስጥ ነበሩ። ሰውየው ሲሸሻቸው ነው የኖረው። ለምን? ያቺን ቱቦ ሲያዩ ምን እንደሚሉት ያውቃላ! በዚያ ቀን ግን ሄደ። ገና በሩ ላይ ሳለ ጋሽ ዩስሪ እጃቸውን አነሡ።

«አጥፋት! ሰማሁ፣ ሰማሁ። የሞተ ሰው ይሰማል።»

ቱቦውን አልነኩም። ከሞተሩ እሳት የምትጭር አንዲት ካንዴላ ፈተው ጫፏን አሳዩት።

«ምን ይታይሃል?»

«ነጭ ነው። ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ! አመድ ነው እንጂ። ጤነኛ ካንዴላ ቡናማ ነው። ለመሆኑ ቤንዚን ትጠጣለች?»

«ኧረ እሷ ቆጣቢ ነች ጋሽ ዩስሪ!» አለ፣ ኮራ ብሎ።

«ማን አስተማራት ቁጠባውን?»

ጋሽ ዩስሪ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ፈቱት። ቤንዚን የሚያልፍባት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቀዳዳ አለች። ከእሷ ውስጥ ፀጉር የመሰለች የመዳብ ሽቦ መዘው አወጡ። ይህችን ሽቦ ከእናንተ የሚያውቃት የለም? በቤንዚን ሰልፍ ጊዜ ስንቱ ነው የከተታት! ቀዳዳው ይጠባል፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ሰልፉ ይቀልላል። ሰውየውም ከቷት ኖሮ ረስቷታል።

«እሳት የሚበዛው ቤንዚን ሲበዛ አይደለም እንዴ?» አለ።

«እሱ ነው ሁላችሁንም የሚያስታችሁ! ቤንዚን ሲበቃት እሱ ራሱ ያበርዳታል። ሲያንሳት አየሩ ይበዛል፣ እሳቷ ይከራል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይብስባታል። አንተ አፏን ከፍተህ ጉሮሮዋን አንቀሃል። ጠግባ አይደለም የምትቃጠለው፤ ርቧት ነው። አባትህ ቢያይህ...»

«አይጨርሱት ጋሽ ዩስሪ።»

«አልጨርሰውም። ሂድ፣ የድሮዋን ማርሚታ አምጣ።»

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ደንገጎን ወጡ። ሰውየው በየኩርባው ይጠይቃል።

«እማዬ፣ እግርሽስ?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«እማዬ፣ አሁንስ?»

ጫፉ ላይ ሲደርሱ እማማ ጥሩወርቅ ጫማቸውን አወለቁ። ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባትህም እንዲህ ጸጥ አድርጎ ነበር የሚነዳት» አሉ። «ያኔ ልጅ ልለምን አቀርቅሬ ነው የሄድኩት። ዛሬ ቀና ብዬ እየሄድኩ ነው።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ከኋላ ያላችሁም፣ ተረቱ አለቀ ብላችሁ ነጠላ አታጣፉ!

ቤታችሁ ውስጥ የሚቃጠል ሰው የለም? በትንሽ ነገር የሚጮህ አባት፣ ሳህን የምትወረውር እህት፣ በር የሚያላትም ልጅ? ምን እያደረጋችሁ ነው? ቆርቆሮ እያነጠፋችሁ ነው! ሲጮህ ሬዲዮ ትከፍታላችሁ። ሲቆጣ ወደ ጎረቤት ትወጣላችሁ። «ጠግቦ ነው» ትላላችሁ። ጠግቦ ነው? ካንዴላውን አይታችሁታል?

እኛስ ራሳችን? መዝሙራችን ሳቢያን ድረስ ይሰማል። ጸሎታችንስ? መጀመሪያ ሰዓት ነበር፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ሆነ፣ አሁን እንቅልፍ እያዳፋን የምናጉተመትማት አንዲት ቃል ሆናለች። የታመመ መጠየቁን ቀነስነው። እናታችን ጋ መቀመጡን ቀነስነው። ሽቦ በሽቦ! ከዚያ ደግሞ «ለምንድን ነው በሰው ሁሉ የምነድደው?» እንላለን።

ልጆች ሳለን እንዲህ አልነበርንም። ያኔ ጥቂት ነበረን፤ የነበረን ግን ያለ ሽቦ ይፈስስልን ነበር።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን የሚጮኸውን ሰው «ምን ሆነሃል?» አትበሉት። እሱን ስንት ጊዜ ብላችሁታል! «ምን አጎደልንብህ?» በሉት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡ። ቶሎ ላይመልስላችሁ ይችላል። የተራበ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል።