ለማዕዶት ለብ ያለ ውኃ

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ቀጭን ነው፤ ጥያቄሽ ግን ወፍራም ነው። አንዱ ካልመለሰልሽ አትዋጪው። ይዘሽው ወደሚቀጥለው ሂጂ።»

እንዲህ ያሏት መምህርት አልጋነሽ ናቸው፤ ትርንጎ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ዕለት፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው። ያ ከሆነ ብዙ ጊዜው ነው። አሁን ትርንጎ ራሷ እናት ናት። የስምንት ወር ልጅ አዝላ የምትኖረውም ገና ባልተቆጠረ ዓመት፣ ገና ስም ባልወጣለት ሰፈር ነው። ሩቅ ነው ካላችሁ ሩቅ ነው፤ ቅርብ ነው ካላችሁም አልከራከራችሁም። ብቻ በዚያ ሰፈር ቤት ይናገራል። ግድግዳው ይናገራል፣ ቧንቧው ይናገራል፣ ድስቱ እንኳ «ጨው አነሰኝ» ይላል። እንግዲህ እነሱ ሲናገሩ እኛ እንስማ።

ትርንጎ ብዙ ነገር አልፈለገችም። የፈለገችው አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውኃ ነው። ልጇን ማዕዶትን ሽፍታ ወርሷታል፤ አንገቷ ሥር ቀልቷል፣ ብብቷ ቆስሏል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውኃ እጠቢያት፤ ቀዝቃዛ እንዳታስነኪያት። ቁስሉ ከሰፋ ሆስፒታል መተኛቷ ነው» ብላታለች። ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነው። ትርንጎ አዲሱ ቤት ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ሲሆን፣ በሦስቱም ቀን የወረደላት ቀዝቃዛ ብቻ ነው። ከሰል እንዳታቀጣጥል፣ ጣሪያው ጭስ ከሸተተው እላይዋ ላይ ዝናብ ያወርድባታል። ትናንት ከላይኛው ረድፍ አንድ ጆግ ሙቅ ለምና ነበር፤ ደረጃውን ሁሉ ወርዳ እቤቷ እስክትደርስ በረደባት።

ስለዚህ ማዕዶትን አዘለችና ቧንቧውን ጠየቀችው። «ቧንቧ ሆይ፣ ለልጄ ሙቅ አውርድልኝ።»

«አላወርድም» አለ ቧንቧው። «እኔ የሰጡኝን ነው የማወርደው። ማሞቂያው ካላሞቀልኝ ከየት ላምጣልሽ? ሂጂና እሱን ጠይቂው።»

ማሞቂያው መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ምሳ እንደበላ ባለሥልጣን ሆዱን ነፍቶ ተሰቅሏል። «ማሞቂያ ሆይ፣ ውኃውን አሙቅልኝ። ቧንቧው ሙቅ አላወርድም አለ፤ ማዕዶትም እያሳከካት ነው።»

«አላሞቅም» አለ ማሞቂያው እያዛጋ። «እኔ ተኝቻለሁ። ባትሪው ሳያስነሳኝ አልነሳም።»

ባትሪው ከደረጃው ሥር፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ትርንጎ ጎንበስ ብላ በቀዳዳው ተናገረችው። «ባትሪ ሆይ፣ ማሞቂያውን አስነሳልኝ። ማሞቂያው ውኃውን አላሞቅም አለ፤ ቧንቧው ሙቅ አላወርድም አለ፤ ማዕዶትም እያሳከካት ነው።»

«ሆዴ ሞልቷል» አለ ባትሪው፤ ኩራቱ ከድምፁ ያስታውቃል። «በሐምሌም ቢሆን ከጣሪያው ፀሐይ ስጠጣ ነው የምውለው። ግን አላስነሳም። ግድግዳው ካላዘዘኝ አንዲት ጠብታ ከእኔ አይወጣም።»

ወደ ግድግዳው ዞረች። ግድግዳው እንደ ራዲዮ አንባቢ የጠራ ድምፅ አለው። «እንደምን አደሩ። ማን ልበል?»

«ትርንጎ ነኝ።»

«አላውቅዎትም።»

«እኔ ግን አውቅሃለሁ» አለች ትርንጎ። «አራት ዓመት ሙሉ ጡብህን በጀርባዬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አሁን ባትሪውን እዘዝልኝ። ባትሪው ማሞቂያውን አላስነሳም አለ፤ ማሞቂያው ውኃውን አላሞቅም አለ፤ ቧንቧው ሙቅ አላወርድም አለ፤ ማዕዶትም እያሳከካት ነው።»

የግድግዳው ድምፅ ዝቅ አለ። ያፈረ ይመስላል። ከዚያ ግን «ይሆናል፣ እመቤቴ» አለ። «ነገር ግን ባትሪውን አላዝም። ስልኩ ‹ባለቤቷ ይህች ናት› ብሎ ካላናገረኝ ማንንም ማዘዝ አልችልም።»

ስልኩ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አብሮ የተሰጣት ነው። መስኮቱ ላይ ተደፍቶ አኩርፏል። አነሳችውና «ስልክ ሆይ፣ ግድግዳውን አናግርልኝ» አለችው። «ግድግዳው ባትሪውን አላዝም አለ፤ ባትሪው ማሞቂያውን አላስነሳም አለ፤ ማሞቂያው ውኃውን አላሞቅም አለ፤ ቧንቧው ሙቅ አላወርድም አለ፤ ማዕዶትም እያሳከካት ነው።»

«አላናግርም» አለ ስልኩ። «የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ያለው የጣት አሻራ ማሽን ካልከፈተኝ አፌን አልከፍትም።» ይህን ሁሉ የሚለው አፉን ከፍቶ ነው።

ይህን ጊዜ ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ በሩ ላይ ብቅ አሉ። እትዬ ዘርፌ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። «አንቺ ትርንጎ፣ በጠዋቱ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው? ባልሽ ከመንገድ ገባ እንዴ?»

«ከስልኩ ጋር ነው፣ እትዬ። ስልኩ ግድግዳውን አላናግርም አለ፤ ግድግዳው ባትሪውን አላዝም አለ፤ ባትሪው ማሞቂያውን አላስነሳም አለ፤ ማሞቂያው ውኃውን አላሞቅም አለ፤ ቧንቧው ሙቅ አላወርድም አለ...»

«ማዕዶትም እያሳከካት ነው» ብለው ጨረሱላት እትዬ ዘርፌ፤ የልጅቷን አንገት ገለጥ አድርገው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ውይ በሞትኩት! እኔንማ ያ ማሽን ‹ሰው አላገኘሁም› ብሎኛል። ሰው አላገኘሁም! ይሄን የሚያህል ገላ ይዤ ፊቱ ቆሜ! ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ፣ ገላዬን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ። በይ ነጠላዬን ላምጣና አብሬሽ ልሂድ። እንቢ ካሉሽ ሁለት ሆነን እንሰድባቸዋለን።»

ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ ነበር። ድንጋይ ጠራቢው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሁሉም እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይንዘፈዘፋል። የልጅቷን ቁስል ሲያዩ ግን አሳለፏት። ትርንጎ ማሽኑ ፊት ቆመች። «ማሽን ሆይ፣ ስልኬን ክፈትልኝ። ስልኩ ግድግዳውን አላናግርም አለ፤ ግድግዳው ባትሪውን አላዝም አለ፤ ባትሪው ማሞቂያውን አላስነሳም አለ፤ ማሞቂያው ውኃውን አላሞቅም አለ፤ ቧንቧው ሙቅ አላወርድም አለ፤ ማዕዶትም እያሳከካት ነው።»

«የቀኝ እጅ አውራ ጣት» አለ ማሽኑ።

አሳረፈች።

«ይቅርታ፣ ሰው አላገኘሁም።»

«እዚህ ነኝ» አለች ትርንጎ።

«ጣት ይታየኛል፤ መስመር ግን የለውም። እንደ መስታወት ልሙጥ ነው።»

መስመሩማ ነበረ። ጡብ ላይ አለቀ፣ አሸዋ ላይ አለቀ፣ የስሚንቶ ከረጢት ላይ አለቀ። ይህ ሁሉ የሚናገር ቤት የቆመው በዚያ ጣትና በመሰሎቹ ነው። ለሠሩት ሰዎች ቤቱን ሰጧቸው፤ ያንን ማንም አይክድም። ቤቱ ግን የሚያውቀው ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረን ጣት ነው።

«ሌላ ጣት ማየት አያቅተኝም» አለ ማሽኑ፤ እሱም አዝኗል። «ግን ስልክሽን አልከፍትም። አቶ ስመኘው ያችን አረንጓዴ ቁልፍ ካልነኩልኝ፣ ከአውራ ጣት ሌላ እንዳላይ ታዝዣለሁ።»

ጸሐፊው አቶ ስመኘው ከማሽኑ ጀርባ፣ ሻርፕ ተጠምጥመው ተቀምጠዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። ትርንጎ ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ ማሽኑን ይንኩልኝ» አለች። «ማሽኑ ስልኩን አልከፍትም አለ፤ ስልኩ ግድግዳውን አላናግርም አለ፤ ግድግዳው ባትሪውን አላዝም አለ፤ ባትሪው ማሞቂያውን አላስነሳም አለ፤ ማሞቂያው ውኃውን አላሞቅም አለ፤ ቧንቧው ሙቅ አላወርድም አለ፤ ማዕዶትም እያሳከካት ነው።»

«እህቴ፣ ነገሩ በእኔ እጅ አይደለም።»

«ቁልፉ ከእጅዎ ሥር እኮ ነው፣ ጋሼ።»

ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ። አቶ ስመኘው እጃቸውን ከቁልፉ አካባቢ ሰብሰብ አደረጉ። «አልነካም። ደንቡ አይለቀኝም። ደንቡ አውራ ጣት ነው የሚለው፤ ያውና ተሰቅሏል። እኔን ትለምኚኛለሽ፣ እኔ ማንን ልለምን?»

«እንግዲያው ደንቡን ልጠይቀው» አለች ትርንጎ።

«ግድግዳ ማናገሩ ሳያንስሽ ወረቀት ልታናግሪ?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ደንቡ ከመስታወት ጀርባ ተሰቅሏል። ከላዩ ትልቅ፣ ቀይ፣ የአውራ ጣት ሥዕል አለ። ከሥሩ እንደ ጉንዳን የደቀቀ ጽሑፍ። ትርንጎ ፊቱ ቆማ እንዲህ አለች፦ «ደንብ ሆይ፣ ጸሐፊውን ልቀቅልኝ። ጸሐፊው ማሽኑን አልነካም አሉ፤ ማሽኑ ስልኩን አልከፍትም አለ፤ ስልኩ ግድግዳውን አላናግርም አለ፤ ግድግዳው ባትሪውን አላዝም አለ፤ ባትሪው ማሞቂያውን አላስነሳም አለ፤ ማሞቂያው ውኃውን አላሞቅም አለ፤ ቧንቧው ሙቅ አላወርድም አለ፤ ማዕዶትም እያሳከካት ነው።»

ደንቡ ዝም አለ። በዚያ ሁሉ ተናጋሪ ሰፈር የማይናገር እሱ ብቻ ነበር። የማይናገረውን ደግሞ ማንበብ ነው።

ትርንጎ ማንበብ ታውቃለች፤ ቸኩላ ግን አታነብም። አንድ በአንድ፣ ቃሉን በጣቷ እየተከተለች ጀመረች። ሌሎቹ ጣቶቿ በስሚንቶ ተሰነጣጥቀው ስለሚያሟት የምትከተለው በትንሿ ጣቷ ነበር። ከኋላዋ ሰልፉ አጉረመረመ። አንዱ «እስከ መስከረም ትጨርስ ይሆን?» አለ። እትዬ ዘርፌ ዞረው «አንተ ልታነብላት ነው?» አሉት። ትርንጎ አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ተመለሰችና ደገመችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አነበበች፦

«አመልካች... ከአሥሩ ጣቶቹ... አንዱን... ማሽኑ ላይ ያሳርፋል።»

«አውራ ጣት ነው!» አሉ አቶ ስመኘው።

«የት ላይ ነው የሚለው፣ ጋሼ?»

«ሥዕሉ ላይ ነዋ!»

«ሥዕሉማ የሠዓሊው ጣት ነው። ቃሉ ከአሥሩ አንዱን ነው የሚለው።»

አቶ ስመኘው ተነሡ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ በስምንት ወር ውስጥ ለዚያ ወረቀት መነጽር ሲያወጡ የመጀመሪያቸው ነው። አነበቡ። ሻርፓቸውን ፈቱ፤ እንደገና አነበቡ። «እኔ እኮ... ሲሰቅሉት ሥዕሉን አሳዩኝ፣ እኔም...»

«ስምንት ወር!» አሉ እትዬ ዘርፌ። «አሥር ጣት ተሸክሜ ስመላለስ አንዷን ብቻ ሲያሹብኝ!»

አቶ ስመኘው ትርንጎን ብቻ አይተው «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አሉና እጃቸውን ወደ አረንጓዴው ቁልፍ ዘረጉ።

ትርንጎ ሌባ ጣቷን ለማሽኑ ሰጠችው። «ይቅርታ፣ ሰው አላገኘሁም።» የመሐል ጣቷን ሰጠችው። «ይቅርታ፣ ሰው አላገኘሁም።» የቀለበት ጣቷን ሰጠችው። «ይቅርታ፣ ሰው...» አለና ቆመ፤ «አላገኘሁም።» ማዕዶት ከጀርባዋ ተነጫነጨች። ትርንጎ ትንሿን ጣቷን አሳረፈች፤ ከጡብም ከድንጋይም ሸክም ጥግ ይዛ የዳነችውን።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ትርንጎ» አለ ማሽኑ።

ይሄኔ ነገሩ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ደንቡ ጸሐፊውን ለቀቀ፤ ጸሐፊው ማሽኑን ነኩ፤ ማሽኑ ስልኩን ከፈተ፤ ስልኩ ግድግዳውን አናገረ፤ ግድግዳው ባትሪውን አዘዘ፤ ባትሪው ማሞቂያውን አስነሳ፤ ማሞቂያው ውኃውን አሞቀ፤ ትርንጎ እየሮጠች እቤቷ ስትገባም ቧንቧው፣ አፉን ሞልቶ፣ ሙቅ አወረደ።

በክርኗ ሞከረችው። ትንሽ ቀዝቃዛ ጨመረችበት። እንደገና ሞከረችው። ማዕዶት ሳፋው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ጸጥ አለች፣ ከዚያ ውኃውን በሁለት እጇ መታችውና የእናቷን ፊት አረጠበችው። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ቁስሉ አልሰፋም። በሳምንቱ ደረቀ።

ያን ዕለት ግን፣ ማዕዶት ታጥባና ጡት ጠብታ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ትርንጎ መልሳ አዘለቻትና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወጣች። ሰልፉ አልተበተነም፤ ጫጫታው ግን የሠርግ ቤት ይመስላል። ድንጋይ ጠራቢው በቀለበት ጣቱ ገብቷል። ልብስ አጣቢዋ በግራ እጇ። እትዬ ዘርፌ ስምንቱን ሞክረው ዘጠነኛው ላይ ናቸው፤ «ቆይ፣ አትቸኩል፣ ሁለት ቀርቶኛል!» እያሉ ከማሽኑ ጋር ይጣላሉ።

ትርንጎ ማዕዶትን ካጠበችበት አዲስ ሳሙና የላጠችውን ወረቀት ከጉያዋ አወጣች። መስታወቱ ላይ፣ በቀዩ አውራ ጣት ልክ ዘረጋችው። አራቱን ጥግ በፕላስተር አጣበቀችና ሥዕሉን ሸፈነችው፤ ጽሑፉን ተወችው።