ያልተከፈተው ሰዓት

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ የሚያውቁት ሰዎች እዚሁ መካከላችን ስላሉ ዞር ዞር ማለት ትጀምራላችሁ። ደግ ሰው ነው። ሥራው መንገድ መቀየስ ነው። ትዳር አለው፣ ልጆች አሉት፣ ለቅሶ አይቀርም፣ ዕቁቡን አያጎድልም። አንዲት አመል ብቻ አለችው። ሰዓት ይወዳል።

ሰዓት ስላችሁ ስልካችሁ ላይ የምታዩትን አይደለም። ባትሪ የሌለውን፣ በየማለዳው መሙያውን እያዞሩ የሚሞሉትን፣ ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት ቲክ ቲክ የሚለውን የእጅ ሰዓት ነው። «ታዲያ እሱ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ግን ወገኖቼ፣ በሰው ፍቅር ላይ ለመሳቅ አንቸኩል። እዚህ መካከል ኳስ ለማየት ብሎ ምሳውን የተወ የለም? እጅ አውጡ አልልም።

እንደሱ ያሉ አምስት ስድስት ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ይገናኙ ነበር። ሰዓቶቻቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ። «ያንተ በቀን ስንት ሰኮንድ ይቀድማል?» «የኔማ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ እንደ ባለቤቱ!» ይሳሳቃሉ፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። የሚገርመው፣ ወሬያቸው ስላሰሩት ሰዓት አይደለም። ሁሌም ስለሚቀጥለው ነው። «ቀጥሎ የቱን ልግዛ?» እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይህ ጥያቄ አልቆ አያውቅም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ያልተጻፈ፣ ግን የጸና። አንዱ የሆነ ቦታ ሰዓት አይቶ «እሱ ላይ ዓይኔን ጥያለሁ» ካለ፣ ሌላው አይነካበትም። በቃ።

ከመካከላቸው ልዑልሰገድ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ከኛ ሰው ጋር ከወንድም በላይ ይዋደዳሉ። አንድ ቅዳሜ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «አንድ ነገር አገኘሁ» አለው። «መርካቶ፣ አንድ ሽማግሌ ሱቅ። ገጹ ሰማያዊ ነው። እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። ደመወዝ ሲወጣ እወስደዋለሁ። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።»

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ማክሰኞ ዕለት ሄዶ ገዛው።

ክፉ ስለሆነ ነው? አይደለም። «ላየው ብቻ» ብሎ ነው የሄደው። ስንቶቻችን ነን «ላየው ብቻ» ብለን የሄድን? አየው። «እስኪ ልሞክረው» ብሎ አሰረው። ካሰረው በኋላ መፍታት አቃተው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እጅጌውን ወደ ታች ስቦ መጣ። ስኳር ለማቀበል እጁን ሲዘረጋ ግን እጅጌው ሸሸ። ልዑልሰገድ አየ። ከዚያ «ይባርክልህ» አለው። ሻዩን ጨረሰ፣ ተነሥቶ ሁሉንም ተሰናበተና ወጣ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ እግሩ እዚያ ሻይ ቤት አልረገጠም።

ወገኖቼ፣ ቢሰድበው ይሻል ነበር። ቢሰድበው መልስ ይኖረዋል። «ይባርክልህ» ላለ ሰው ምን ይመለሳል?

ሰውየው ያንን ሰዓት ሁለተኛ አላሰረውም። ማየት አስጠላው። ሁለት ወር ሳይሞላ ለአንድ መንገደኛ ሸጠው፤ ሰዓቱም ከመንገደኛው ጋር አገር ለቆ ሄደ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ልቡ ስለደነደነ ሰው አይደለም የማወራችሁ። ይህ ሰው ተጸጽቷል። መንገድ ሲቀይስ ይውላል፣ በልቡ ግን የይቅርታውን ቃል ያጠናል። «ልዑሌ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።» ቃሉ አልቋል። የቀረው መሄድ ብቻ ነው።

ግን ባዶ እጅ እንዴት ይኬዳል? በእኛ አገር ያልበደሉት ሰው ቤት እንኳ ባዶ እጅ አይኬድም። ቢያንስ ዳቦ ይያዛል። የበደሉት ሰው ቤትማ! ስለዚህ እንዲህ አለ፦ «የቀማሁትን ሰዓት መንታ ወንድሙን አገኛለሁ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ዓመት፣ ያው ሰማያዊ። እሱን ይዤ እሄዳለሁ።»

አሳቡ ያምራል አይደል? አዎ፣ ያምራል። አስሮ ያስቀረው ማማሩ ነው። መጥፎ አሳብ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይተወው ነበር።

ፍለጋው አንድ ዓመት ፈጀ። ሁለተኛው ዓመት ገባ። አንዱን ያገኝና «መሙያው የራሱ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ሌላውን ያገኝና «መስታወቱ ተጭሯል። ይሄን ይዤ ነው ልዑልሰገድ ፊት የምቆመው?» ይላል። ለራሱ ሲገዛ እንኳ እንዲህ መርጦ አያውቅም።

በዚህ መካከል ኢሳያስ የሚባለው ጓደኛቸው «ስማ፣ ልዑልሰገድ ዓይኑን አሞታል አሉ» አለው።

«ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ። ስኳሩ ነው ይላሉ። ለምን ሄደን አንጠይቀውም?»

«እሄዳለሁ እንጂ! ሰዓቱ ይገኝ ብቻ።»

ሰማችሁት? «ሰዓቱ ይገኝ ብቻ።» ሰው ታሟል እየተባለ።

በሦስተኛው ዓመት ተገኘ። ያውም ሁለት። እትዬ አጸደ የሚባሉ ሰዓት አዳሽ አሉ። ሙያውን ከባላቸው ተምረው፣ ባላቸው ሲሞቱ «ሱቁማ አይዘጋም» ብለው ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ እንደሰኩ ሁለቱን ሰዓቶች ጨርቅ ላይ አስቀመጡለት።

አንዱ የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ሰዓት ነበረ። ሹፌሩ ሠላሳ ዓመት አስሮታል። መስታወቱ ተፋፍቋል፣ ጠርዙ ተልጧል፣ ሰማያዊውን ፀሐይ በልቶት ደብዝዟል። ግን ይሄዳል። ሌላው ከነካርቶኑ፣ ከነወረቀቱ ነው። ፋብሪካው ጀርባው ላይ የለጠፋት ላስቲክ እንኳ አልተላጠችም። አንድ ሰው ከውጭ አስመጥቶ «ለክብር ቀን» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረው፤ የክብሩ ቀን ሳይመጣ ሰውየው ሞተ። አርባ ዓመት ማንም አላሰረውም።

የቱን መረጠ? መጠየቁስ!

«ይሄን» አለ። ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«መልካም። ለሳምንት ተውልኝ» አሉት እትዬ አጸደ። «ልክፈተውና ልጠበው፤ አዲስ ዘይት ልቀባው።»

«ኧረ አይከፈትም እትዬ! ከተከፈተ ምኑን ያልተነካ ሆነ?»

ይህን ስህተት የሚሳሳቱት ሰዓት ወዳዶች ብቻ ናቸው። እነሱ ዘንድ የማንም መፍቻ ያልነካው ሰዓት ከሁሉ ይከብራል። መሄዱ ሁለተኛ ነገር ነው።

«ልጄ» አሉት፣ «አርባ ዓመት የተቀመጠ ዘይት ዘይት አይባልም፤ ሙጫ ሆኗል። የሹፌሩ ሠርቶ ነው ያረጀው። ይሄ ቁጭ ብሎ ነው ያረጀው። እንዲሁ ብትሞላው ጥርስ ከጥርስ ይፋጭብሃል።»

«እኔ አልሞላውም። የመጀመሪያው እጅ የሱ እንዲሆን ነው የምፈልገው።»

እትዬ አጸደ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለማን ነው?»

«ለበደልኩት ሰው።»

«መቼ ነው የበደልከው?»

«ሦስት ዓመት ሆነው።»

«እና ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ስትመርጥ ነበር?»

ካርቶኑን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄደ። በሩን የከፈተችለት የልዑልሰገድ ሚስት አልጋነሽ ናት። አየችው። እንኳን ደህና መጣህ አላለችም፣ ለምን መጣህም አላለችም፤ መንገድ ለቀቀችለት። ልዑልሰገድ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። የበሩን ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ዓይኑ ግን ያረፈው ሰውየው ከቆመበት ትንሽ ወደ ግራ ነው።

«ማነው አልጌ?» አለ።

ያኔ ገባው። ወገኖቼ፣ ያኔ ነው የገባው። ያጠናው ቃል ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«እኔ ነኝ» ብቻ አለ።

ልዑልሰገድ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። «ና፣ ቁጭ በል። ድምፅህ አልተለወጠም።»

የሚያደርገው ቢጠፋው ካርቶኑን እጁ ላይ አስቀመጠለት። ልዑልሰገድ ከፈተው፤ በጣቱ መስታወቱን ዳበሰ፣ ጀርባውን ገለበጠ፣ ላስቲኳን ሲያገኛት ፈገግ አለ። «ያልተነካ! ገጹስ?»

«ሰማያዊ።»

«ያ ሰማያዊ?»

«አዎ። ያ።»

መሙያውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ አዞረ። ወደ ጆሮው አስጠጋው። ሰዓቱ ሦስት አራት ጊዜ ቲክ ቲክ እንደ ማለት አለና ዝም አለ።

«ቆመ» አለ ልዑልሰገድ። «ዘይቱ ደርቋል። አላስከፈትከውም?»

«አላስከፈትኩትም።»

«እኔም ብሆን አላስከፍተውም ነበር» ብሎ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ።

ሰውየው ግን መሳቅ አልቻለም። ተንበርክኮ የጓደኛውን ጉልበት ያዘ። «በድዬሃለሁ ልዑሌ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ተነሥ። እኔ እኮ ይቅር ካልኩህ ቆየሁ፤ የዚያኑ ወር ነው። ይመጣል ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት አልወጣም ነበር፤ አልጌን ጠይቃት። ሰዓት ይዘህ ና ያለህ ማን ነው?»

ይህን እያለ እጁን አነሣና የጓደኛውን ፊት ፈለገ። ግንባሩን አገኘ። ቅንድቡን፣ ጉንጩን ዳበሰ። ጉንጩ እርጥብ ነበር። እጁን እዚያው እንዳቆመ፣ «ዓይኔ ጨርሶ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው» አለው። «ከዚያ በፊት ብትመጣ ፊትህን አየው ነበር።»

ታሪኩ ይኸው ነው። ሰዓቱን በኋላ እትዬ አጸደ ከፍተው አጥበው አስነሡት፤ ዛሬ ይሄዳል። ሰዓት ይታደሳል። ስምንቱን ወር ግን ማን ያድስላቸዋል?

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ሰዓት ባትወዱም ወደ እናንተ ነው የምመጣው።

ይቅርታችሁን ከነካርቶኑ ያስቀመጣችሁ የላችሁም? ቃሉን አጥንታችሁ የጨረሳችሁ፣ «ብቻ ጥሩ ቀን ይምጣ» የምትሉ? እኅትህ አዳማ ናት፤ መኪናው ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ አንተ ግን «ለፋሲካ፣ በግ ይዤ» ትላለህ። ሁለት ፋሲካ አለፈ። አንቺስ? አባትሽን «አመሰግናለሁ» ለማለት ቤቱን አሠርተሽለት የምትጨርሺበትን ቀን ትጠብቂያለሽ። አባትሽ ቤት ለምኖሻል? ድምፅሽን ነው የለመነሽ።

ስጦታ መጥፎ ነው አልወጣኝም። ባዶ እጅ አለመሄድ ደግ ወግ ነው፤ አባቶቻችን ሰውን ለማክበር ያቆዩልን ነው። ግን ሰውን ያከብራል የተባለው ወግ ከሰው የሚያስቀረን ከሆነ፣ እውነት ለማን ክብር ነው? ያ ሰው መስታወቱ የተጫረ ሰዓት ይዞ መቆም ያፈረው ለልዑልሰገድ ብሎ ነው? ለራሱ ነው። በደሉ እንዳይታይ የሚያሳምርለት ነገር ፈልጎ ነው። እኛም እኮ ይቅርታውን የምናሳምረው ይቅርታ ጠያቂ ሆነን ላለመታየት ነው።

«ዛሬ ነገ እያልኩ ነው» ትላላችሁ። እኔም እላለሁ። መድረክ ላይ ስለቆምኩ የዳንኩ አይምሰላችሁ። አብሮኝ ያገለገለ አንድ ወንድም አለኝ፤ በስብሰባ መካከል፣ በሰው ፊት፣ በማይገባ ቃል ተናግሬዋለሁ። ለእሱ የምልከውን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። ለምን? አጻጻፉ አላማረኝማ! እናንተን ለማስተማር ይህን ታሪክ ሳዘጋጅ እንዴት እንዳፈርኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ፍቅር በመቀመጥ አይጠበቅም። ሥራ አያስረጀውም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያስረጀዋል፣ ይፋፋቃል፣ ይደበዝዛል። ግን ይሄዳል። የሚሄድ ፍቅር ይሻላችኋል፣ ወይስ ያልተነካ?

ስለዚህ አሁን መዝሙር ሲጀመር ከመካከላችሁ ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። እናንተም አትቀየሙት፤ እግራችሁን ሰብስቡለት፣ ይለፍ። እኔንም ቡራኬውን እንደ ሰጠሁ በር ላይ ቆሜ ስጨብጣችሁ አታገኙኝም። ያ ወንድሜ ቤቱ ከዚህ ሦስት ፌርማታ ነው። ደብዳቤ የለኝም፣ የያዝኩት ነገርም የለም። ዓይኑ ግን ደህና ነው፤ ዛሬ ከሄድኩ ፊቴን ያየዋል።